ከተሻለች ደረት የወጣው እልልታ

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሠፈር ተድሮ የተሻለችን እልልታ ያልሰማ ሙሽራ ካለ፣ እሱ በደንብ አላገባም፤ ሄዶ እንደገና ያግባ። እልልታዋ እንዲሁ የዋዛ አልነበረማ! መጀመሪያ ከሆዷ ይነሣል፤ ደረቷ ላይ ትንሽ ይዞርና ምላሷ ጫፍ ሲደርስ ይፈነዳል፤ ከዚያ ወዲያ ማቆሚያ የለውም። ፌርማታው ላይ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ «ዛሬ ደግሞ ማን አገባ?» ይላል። «አስኮ! አስኮ!» የሚሉት ረዳቶች ሳይቀሩ ለጊዜው ዝም ይላሉ፤ ቢጮኹስ ማን ይሰማቸዋል? ሌሎቹ ሴቶች ተንፍሰው፣ እንደገና ተንፍሰው ሲጀምሩ ተሻለች ገና የመጀመሪያውን አልጨረሰችም።

ይሄ ሁሉ ትንፋሽ ከየት እንደሚመጣ ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነው።

«ከበርበሬ!» ትላለች ደረቷን እየመታች።

ተሻለች ከማዞሪያው ገባ ብሎ የበርበሬ ወፍጮ ቤት አላት። የወፍጮ ቤቱ ዝና የቆመው ደግሞ በማስነጠስ ላይ ነው። የሠፈሩ ሴት ደጃፉን ስትረግጥ ካላስነጠሰች «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት፣ የደከመ በርበሬ መፍጨት ጀመረች እንዴ?» ብላ ትጠረጥራለች። ካስነጠሰች ግን ተሻለችና ረዳቷ ካሳነሽ እኩል «ይማርሽ!» ይላሉ፤ እሷም በእንባዋ መሃል «ያኑራችሁ!» ብላ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ደስ ብሏት ትወጣለች። ደጋግማ ያስነጠሰች ደግሞ ጎረቤቶቿን ይዛ ትመለሳለች። ስለዚህ ተሻለች መስኮት አትከፍትም። ያለውም አንድ መስኮት ነው፤ እሱንም በጆንያ ወጥራዋለች። ንፋስ ከገባ ዱቄቱን ይበትናል፣ ኃይሉን ይወስዳል፣ ደንበኛዋም ሳታስነጥስ ትሄዳለች። ማን እብድ ነው መስኮት የሚከፍተው?

ጉዱ የፈላው ባለፈው ክረምት ነው። ተሻለች ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ ጥፋቱን በዝናቡ ላይ ደፈደፈችው። ዝናቡ ሲያባራ የመንገድ ሥራው አቧራ ነው አለች። መንገዱ አስፋልት ሲለብስ ከቆሼ ቆሻሻ ክምር የሚመጣው ንፋስ ነው አለች፤ ሠፈሩ ሁሉ የተበላሸ ነገር ባየ ቁጥር በቆሼ ስለሚያመካኝ ማንም አልተከራከራትም። ደረጃ ስትወጣ ማለክለኳን ደግሞ በውፍረቷ አሳበበች። በርበሬውን ብቻ አልነካችውም። በርበሬውማ ያሳደጋት፣ ቤት ያሠራት፣ ልጇን ያስተማረላት ነው፤ እንዴት ብሎ በእሷ ላይ ይነሣባታል?

አንድ ክርስትና ላይ ግን እልልታዋ መሃል ላይ ተቆረጠና ወደ ሳል ዞረ። ሰው ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ አልሳቀችም።

ይባስ ብሎ ያ ሳል ልጇን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡበትንም ቀን ጠብቆ መጣ። ተሻለችና ባሏ የኔሰው ያለቻቸው ልጅ እፀገነት ብቻ ናት። እፀገነት ደግሞ አማኑ ከሚባል ልጅ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይታ አልቆላት ነበር። አማኑ ለሆቴል ማድ ቤት የጭስ ማውጫና የአየር መሳቢያ የሚሠራ ባለሙያ ነው። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱን ሊያይ የመጣ ዕለት እንደ ወጉ አስነጠሰ፤ እንደ ወጉም «ይማርህ» ተባለ። «ያኑርዎት» ብሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት? እሱ እቴ! ጣሪያና ግድግዳውን አየት አየት አደረገና፣

«እማማ፣ እዚህ ጋ ግድግዳውን በስቼ መሳቢያ ብገጥምልዎት ይሄ አቧራ ሁሉ ይወጣልዎት ነበር» አለ።

አቧራ! የተሻለችን በርበሬ አቧራ አለው! ለሁለት ወር ያህል ስሙ ሲነሣ ፊቷን ታዞር ነበር። በኋላ ግን የወፍጮው ቺንጋ ተበጥሶ ገበያ ሲቆምባት፣ አማኑ ሳይጠራ መጥቶ፣ እጁን እስከ ክንዱ በግራሶ ነክሮ አስነሣላት። ያኔ ልቧ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ እፀገነትን «ያ ልጅ ምሳውን በልቷል?» ብላ መጠየቅ ሁሉ ጀምራለች። ፊት ማዞሯን ግን አገር ሰምቷል፤ መሸነፏን የሰማ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ታዲያ አዛውንቱ አቶ ባጫ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«የተከበራችሁ ወንድምና እህቶቻችን፣ ዛሬ የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን…»

«እህህ!» አለች ተሻለች።

አቶ ባጫ ቆም አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደገና ጀመሩ።

«ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን…»

«እህህ! እህህ!»

አቶ ባጫ ተቀመጡ። የኔሰው «ይቀጥሉ አባቴ፣ ጉንፋን ነው» ቢልም የሚያምነው አላገኘም። ልጅቷ ተሰጠች፣ ቀኑም ተቆረጠ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ሄደው ለአማኑ እናት ለወይዘሮ ሸዋገነት «ሴትዮዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሽሟጠጠችብን» ብለው ነገሯት። ሸዋገነት ከደቡብ ምዕራብ መጥታ አዲስ አበባን ቤቷ ካደረገች ልጇ ሳይወለድ ነው፤ የመርካቶ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ ደልደል ያለች፣ ኩሩ። የአየር መሳቢያውንም ታሪክ ቀድማ ሰምታለች። ረጋ ብላ እንዲህ አለች አሉ፤

«ምንም አይደል። ልጄ ደጃፏን ሲረግጥ እናያለን። እልል ካለች እሰየው። ዝም ካለች ነገሩ ገብቶኛል፤ ያን ቀን የሄድኩ ደግሞ ደጃፏን ዳግመኛ አልረግጥም።»

ይህ ቃል ከመርካቶ ማዞሪያ ለመድረስ ታክሲ እንኳ አላስፈለገውም። ሙሽራ ደጃፍ ሲረግጥ የሙሽሪት እናት እልል ማለቷ ወግ ነው። እናት ዝም ካለች ልጁ የገባው በሯን ነው እንጂ ልቧን አይደለም ይባላል። ሌላዋ እናት ብትሆን ጎረቤት በእሷ ፈንታ እልል ትልላት ይሆናል፤ ተሻለች ግን ለሰው ሁሉ እልል ስትል የኖረች ሴት ናት። የአገሩን ልጅ ሁሉ በእልልታ ድራ በገዛ ልጇ ሠርግ ብታስል እውነተኛ ሳል ነው ብሎ ማን ያምናታል?

«እማዬ፣ ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አለች እፀገነት።

«ለጉንፋን?»

«ለጉንፋን።»

ሐኪሟ ዶክተር ራዕይ ሳቂታ ወጣት ነበረች። ደረቷን አዳምጣ ስትጨርስ ቱቦ ያላት አንዲት ትንሽ ማሽን አመጣች።

«እማማ፣ አየሩን በደንብ ይሳቡና ቱቦዋን በከንፈርዎ ግጥም አድርገው ይንፉ። እስከ መጨረሻው። ያለዎትን ትንፋሽ ሁሉ ነው የምፈልገው።»

«ያለኝን ሁሉ?»

«አንድም እንዳያስቀሩ።»

ተሻለች ያላትን ሁሉ ማውጣት የምታውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። አየሩን ሳበች፣ ቱቦዋን ጎረሰች፣

«እልልልልል!»

ማሽኗ ጢጥ ጢጥ አለች። ኮሪደሩ ላይ ተራ ይጠብቁ የነበሩ እናቶች ሰው የወለደ መስሏቸው ከአግዳሚያቸው ሆነው «እልልል!» ብለው መለሱ። አንዷማ በሩን ከፈት አድርጋ «ወንድ ነው ሴት?» ብላ ጠየቀች። ዶክተር ራዕይ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች፤ እፀገነት ግድግዳውን ይዛ ሳቀች፤ ተሻለችም ልትስቅ ስትል ያ ሳል ያዛትና ዓይኗ እስኪቀላ አሳላት። ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቃቸውን ተዉ።

በሦስተኛው ሙከራ ደህና አድርጋ ነፋች። ሐኪሟ ውጤቱን ስታይ ቅንድቧ ተሰበሰበ።

«ሥራዎ ምንድን ነው እማማ?»

«ወፍጮ። የበርበሬ።»

«መስኮት አለው?»

«አለው እንጂ!»

«በጆንያ የተወጠረ» አለች እፀገነት።

«አንቺ ዝም በይ!»

«ዱቄቱ አያስነጥስዎትም?» አለች ሐኪሟ።

«እኔን?» ተሻለች ኮራ አለች። «እኔማ ካስነጠስኩ ስንት ዘመኔ! አፍንጫዬ ለምዶታል።»

«አፍንጫዎ ለምዶት ይሆናል። ሳንባዎ ግን አልለመደውም» አለች ዶክተር ራዕይ፣ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ። «ሰው ሲያስነጥስ ሰውነቱ ‹ይሄን አውጡልኝ› እያለ ነው። እርስዎ ያን ድምፅ ሳይሰሙ ስንት ዓመት ዱቄቱን ሲስቡት ኖሩ። የአየር ቧንቧዎ ተቆጥቷል፣ ጠቧል። ትንፋሽ ያጠረዎት ለዚህ ነው። ይችን ሰማያዊ መድኃኒት ሲያፍንዎት በአፍዎ ይስባሉ፤ ይችን ሌላዋን ደግሞ ቢሻልዎትም ባይሻልዎትም ጠዋትና ማታ። ግን ዱቄቱ ካልቆመ መድኃኒቱ ብቻውን፣ ቧንቧውን ከፍቶ ትቶ ወለል እንደመወልወል ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ አየር መሳቢያ ያስገጥሙ፣ ማስክ ያድርጉ። ለጊዜው ደግሞ ወፍጮው አጠገብ አይድረሱ።»

አየር መሳቢያ! ተሻለች አማኑን አስታወሰችና አንገቷን ደፋች።

«እሺ፣ እልልታዬስ? ለሠርጉ ይደርሳል?»

«ከዱቄቱ ከራቁ ብዙ ይሻልዎታል። ለሠርጉ ግን አልዋሽዎትም።» ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አብሮዎት የሚሠራ ሰው አለ?»

«ካሳነሽ አለች።»

«ታስላለች?»

«ካሳነሽ? ኧረ የካሳነሽማ ልማድ ነው!»

ዶክተር ራዕይ ቀና ብላ አየቻት። ተሻለች ዓይኗን ወደ ማሽኗ መለሰች።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር፤ ምክሩን የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነው። የፋሲካ በርበሬ የሚፈጭበት ሰሞን ነበርና ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ ያን ጥሎ ቤት መዋል አልሆነላትም። መድኃኒቱን ሳበች፣ ማስኩንም አደረገች። ማስኩ ግን የሚውለው አገጯ ሥር ነው፣ ምክንያቱም በማስክ ውስጥ «ይማርሽ» ሲሉት አይጥምም። ጆንያውም ከመስኮቱ አልወረደም። ሠርጉ ደግሞ ለዳግም ትንሣኤ ነው፤ ቀኑ ገሰገሰ፣ እልልታው ግን ወይ ፍንክች።

መላ ያመጣችው ካሳነሽ ናት። ካሳነሽ በርበሬ ስትነፋ የኖረች ቀጭን ሴት ናት፤ ሐሳብ ሲመጣላት ወንፊቷን ጭኗ ላይ ትመታለች። አሁንም መታችው።

«እትዬ፣ እፀገነት የመጨረሻ ፈተናዋን ያለፈች ዕለት ያሉት እልልታ ስልኬ ውስጥ አለኮ! ስልክ ደውላ ‹አለፍኩ› ስትልዎት እዚሁ ቆመው እልል ሲሉ እኔ ቀድቼዎታለሁ።»

አጫወተችው። ወይ ጉድ! ያ የድሮው ነበር፤ ከሆድ የሚነሣው፣ ደረት ላይ የሚዞረው፣ ማቆሚያ የሌለው። ተሻለች የገዛ እልልታዋን ስትሰማ እንባዋ መጣ። ሰው ራሱን እንዲህ ይናፍቃል እንዴ?

ከዚያ በኋላማ ሁለቱ ሴቶች ሕፃናት ሆኑ። ካሳነሽ ከጎረቤት ጣሳ የምታክል ብሉቱዝ ስፒከር ተውሳ መጣች። ስፒከሩ በተሻለች ደረት፣ ከሀበሻ ቀሚሷ ሥር ይገባል፤ ካሳነሽ ከኋላዋ ስልኩን ይዛ ትቆማለች፤ ተሻለች እጇን ወደ አፏ ስታነሣ ካሳነሽ ትነካዋለች፤ እጇን ስታወርድ ታቆመዋለች። ጓሮ ገብተው ተለማመዱት። አንድ ጊዜ ካሳነሽ ተሳስታ ነክታው፣ የኔሰው ከውጭ ሲገባ ሚስቱ በብርጭቆ ውሃ እየጠጣች እልል ስትል አገኛት። ብርጭቆው አፏ ላይ ነው፣ ውሃው ይወርዳል፣ እልልታውም ይወጣል። የኔሰው አማተበና ተመልሶ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ ሁለቱንም እኩል አሳላቸው።

የሠርጉ ቀን ግቢው በድንኳን ተሞልቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ የመኪናው ጡሩምባ ከማዞሪያው ጀምሮ ሲሰማ የተሻለች ልብ ከስፒከሩ በላይ ይመታ ነበር። እፀገነት መኝታ ቤት ውስጥ ቬሏን ለብሳ፣ ዓይኗን ሰብራ ተቀምጣለች። የሙሽራ ወግ ነው፤ አትናገርም፣ አትስቅም፣ እስክትወሰድ ድረስ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ልጃገረዶቹ የቤቱን በር ዘግተው አናስገባም አሉ። አንደኛ ሚዜው ታዲዮስ በሩን ለማስከፈት ሽቶ መርጨት ያዘ፤ ያውም የእጅ ጠርሙስ መሰላችሁ? የእሳት ማጥፊያ የምታክል ነገር ይዞ መጥቷል! ልጃገረዶቹን ረጨ፣ በሩን ረጨ፣ ጣሪያውን ረጨ፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ በቀጥታ የተሻለች ትከሻና የካሳነሽ ፊት ላይ ለቀቀው።

አማኑ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ላቡ ችፍ ብሎ፣ እግሩን አነሣና ደጃፉን ረገጠ። ከኋላው ሸዋገነት ቆማለች፤ ከንፈሯ እንደ ክር ቀጥ ብሏል።

ተሻለች እጇን ወደ አፏ አነሣች።

«እልልልልልልልል!»

ቤቱ ተናጋ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው «ይቺ ናት ተሻለች!» ብሎ በጭብጨባ ተቀበለው። የኔሰው ምስጢሩን የሚያውቅ ቢሆንም ደረቱን ነፋ። የሸዋገነት ከንፈር መጀመሪያ ተላቀቀ፣ ከዚያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ዕድሜዋን ቅቤ ስትሸጥ ኖራ እንዲህ ያለውን ቀምሳው አታውቅም። እጆቿን ዘርግታ «እሰይ እህቴ! እሰይ!» እያለች መጥታ ተሻለችን ደረቷ ላይ ጥምጥም አለችባት።

እዚህ ላይ ነገር ተበላሸ። ሲታቀፉ የተሻለች እጅ ከአፏ ወረደ። አፏም ተዘጋ። እልልታው ግን አልተዘጋም። ሸዋገነት ፊት ለፊቷ የተዘጋ አፍ እያየች፣ ከደረቷ በታች ደግሞ የሚንቀጠቀጥ እልልታ እየሰማች ደርቃ ቀረች።

ካሳነሽ የት ሄደች? ካሳነሽማ ሽቶው አናቷ ላይ ወጥቶ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «እጥሽ! እጥሽ! እጥሽ!» ትላለች። ዙሪያዋ ያለው ሰው በየተራ «ይማርሽ! ይማርሽ!» ይላታል። ስልኩ ከእጇ አምልጦ ከሰው እግር መሃል ገብቷል። ስፒከሩም በራሱ ጊዜ እልልታውን ጨረሰና ወደሚቀጥለው ሄደ። ያ የተቀዳው ወፍጮ ቤት ውስጥ አልነበር? ከሙሽሪት እናት ደረት የሙሽሪት እናት ድምፅ እንዲህ እያለ ወጣ፤

«በይ በይ፣ ደስታው ይበቃል! መስኮቱን ማነው የከፈተው? ዝጊው እንጂ ካሳነሽ! ደንበኛ ካላስነጠሰ በርበሬው አይታመንም!»

ድንኳኑ በሳቅ ተገለበጠ። ሰው ወንበር ላይ ወደቀ። አቶ ባጫ ከዘራቸውን ጥለው እንባቸውን ጠረጉ። ከስፒከሩ ግን ሳል ተከተለ፤ የካሳነሽ ሳል። ረጅም፣ ደረቅ፣ ከጥልቅ የሚወጣ። ሳቁ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ሳሉ ግን ቀጠለ። በመጨረሻም እንደገና የተሻለች ድምፅ መጣ።

«አንቺ ደግሞ ሳልሽን ውጭ ጨርሰሽ ግቢ፣ ገበያ ታሸሺብኛለሽ!»

ተሻለች እልልታው ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ያን ሳል በየቀኑ ሰምታዋለች፤ እንዲህ ግን ሰምታው አታውቅም። ፊቷ ተቃጠለ። ዞር ብላ ካሳነሽን አየቻት፤ ካሳነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ፣ ስልኩን መጣሏ ጥፋት ሆኖባት፣ አንገቷን ደፍታለች። ያኔ ተሻለች እጇን ደረቷ ውስጥ ከትታ ስፒከሩን አወጣችና በሰው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አፍራ ነበር፤ መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ግን ለመደበቅ የቀራት ነገር አልነበረም።

«ስለዚህ ለልጄ የራስዎ እልልታ አልወጣልዎትም» አለች ሸዋገነት፣ ከእቅፏ ወጥታ።

«ወይዘሮ ሸዋገነት፣ ይስሙኝ። ሽማግሌ የመጣ ዕለትም ይኸው ሳል ነው። አሽሙር አይደለም። ትንፋሽ የለኝም። ዶክተሯ የበርበሬው ዱቄት ነው አለችኝ፤ ልጅዎ ደግሞ ከዶክተሯ በፊት ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ ያኮረፍኩት። መስኮቱን የወጠርኩት እኔ፣ ይቺን ምስኪንም ከእኔ ጋር ያሳልኳት እኔ።» ካሳነሽን እጇን ይዛ አጠገቧ አቆመቻት። «ልጅዎን እወደዋለሁ። እንደ ወለድኩት ነው የምወደው። የሰረቅኩትም እልልታ ቢሆን የእኔው ነው፤ የድሮዬ።»

ሰው ሁሉ ዓይኑን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያመላልሳል። አማኑ አንድ እግሩ ከደጃፍ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ያለኝን ልሞክር» አለች ተሻለች።

አየሩን ሳበች። እጇን ወደ አፏ አነሣች፣ አሁን ያለ ስፒከር። «እልል…» አለች፤ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ ለአንድ ክፍል እንኳ የማይበቃ። ሽቶው ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። «እልል…» አለች ደግማ፤ ከዚያ ሳሉ መጣና ጎንበስ አደረጋት። ለአገር የተረፈው እልልታ ለልጇ ሲሆን አለቀባት።

ያኔ ከመኝታ ቤቱ፣ ከተዘጋው በር ጀርባ፣ የሆነ ነገር ተነሣ።

መጀመሪያ ከሆድ ነበር የተነሣው። ደረት ላይ ትንሽ ዞረ። ሲፈነዳ የመኝታ ቤቱ መስተዋት ጠረጴዛ ላይ ያለው የሽቶ ብልቃጥ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሰው ሁሉ ስፒከሩን አየ፤ ስፒከሩ ድምፁ ጠፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በሩ በርግድ አለና እፀገነት ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ሌላውን እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እናቷ የጀመረችውን ይዛ ወጣች። ሙሽራ! በገዛ ሠርጓ! አንዲት አሮጊት «ኧረ በስመአብ፣ ሙሽራ እልል ትላለች እንዴ?» አሉ። ጎረቤታቸው «ይቺማ አለች!» አሏቸው። እፀገነት ያን እልልታ ከየት አመጣችው? ማንም ሰምቷት አያውቅም፤ ከተሻለች አጠገብ ቆሞ እልል ያለ ሰው መቼ ተሰምቶ ያውቃል! ልጅቷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከእናቷ ጎን እልል ስትል ኖራለች።

ተሻለችን ወንበር ስበው አስቀመጧት። ሰው ለእሷ እልል ሲል ተቀምጣ ስታዳምጥ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንዲህ እንደሚጣፍጥ የነገራት ሰው የለም። እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ታስላለች። ካሳነሽ ሰማያዊዋን መድኃኒት ከቦርሳዋ ፈልጋ አቀበለቻት። ሳበችና አሳሳቡን ለካሳነሽ አሳየቻት።

«ሰኞ አንቺም ዶክተሯ ጋ ትሄጃለሽ። አብሬሽ ነው የምሄደው» አለቻት።

አማኑ በመጨረሻ ሁለተኛ እግሩን አስገባ። መጥቶ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ተሻለች ጆሮውን ሳብ አደረገችው።

«ያ መሳቢያ ያልከኝ ነገር… አሁንም ትገጥምልኛለህ?»

«መኪናው ውስጥ ነው እማማ» አለ አማኑ በሹክሹክታ። «ከጥሎሹ ጋር ላመጣው ሠርቼው ነበር። እናቴ ናት ‹ጦርነት ታስነሣለህ› ብላ ያስደበቀችኝ።»

ተሻለች ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣትና አዲስ ሳል አስነሣባት። አንድ ከባድ፣ የቅቤ ሽታ ያለው እጅ ጀርባዋን ማሸት ጀመረ። ቀና ስትል ሸዋገነት ናት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«ይማርሽ» አለች ሸዋገነት።

«ያኑርሽ» አለች ተሻለች።

የልጇ እልልታ ገና አላለቀም ነበር።